የካቲትን ከየካቲት ጋር ማወዳደር

ጊዜው 2017 ዓ.ም.፣ የመጋቢት መግቢያ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ላስቲክ ወተትና እርጎ ለሱቆች በሚያከፋፍል አንድ ድርጅት የወሩ ሪፖርት ቀረበ። የየካቲት ሽያጭ ከአምናው የካቲት አንጻር ክፉኛ ወርዷል። የሽያጭ ኃላፊው በዚያው ዕለት ለሁለት የሽያጭ ሠራተኞች የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ አስጻፉ፤ ከገበሬዎች ማኅበር የሚረከቡትንም ወተት ለመቀነስ ተነሡ።

ደብዳቤው ገና አልተፈረመም። የመጋዘኑ አዛውንት ተመላሽ ሳጥን እየቆጠሩ፣ ዳታ የምትሠራዋን ወጣት "ልጄ፣ አምና ሁዳዴ መቼ ነበር የገባው?" አሏት።

ፋሲካ በ2016 የዋለው ሚያዝያ 27፣ በ2017 ደግሞ ሚያዝያ 12 ነው። ሁዳዴ 55 ቀን ስለሆነ አምና የገባው መጋቢት 2 ነበር፤ ዘንድሮ የካቲት 17። ረቡዕና ዓርብ፣ ጾመ ነነዌም ሲታሰቡ የአምናው የካቲት 19 የፍስክ ቀን ነበረው፤ የዘንድሮው 10 ብቻ። ለወተት ነጋዴ ይህ ሁለት የተለያየ ወር ነው! ሠራተኛው ምንም ሳያጠፋ ሽያጩ መውረዱ አይቀርም።

ልጅቷ ሥራውን እንደገና ጀመረች። የሽያጭ ሶፍትዌሩ በፈረንጅ ቀን ስለሚመዘግብ መጀመሪያ ቀኑን አጣራች። ኤክሴል ውስጥ ከሴሉ ግራ ጠርዝ የተጣበቀ ቀን አብዛኛውን ጊዜ ጽሑፍ እንጂ ቀን ስላልሆነ፣ መደርደርም መቀነስም ያበላሻል። ከዚያ በእያንዳንዱ ረድፍ ላይ ሦስት ዓምድ ጨመረች፤ የኢትዮጵያ ቀን፣ ጾም ከሆነ 1 ፍስክ ከሆነ 0፣ እና ከፋሲካ ያለው ርቀት። ሦስተኛው ከቀኑ ላይ የፋሲካን ቀን መቀነስ ነው፤ ሁዳዴ የሚገባበት ሰኞ ሁልጊዜ −55 ይሆናል። ዓመትን ከዓመት ማነጻጸር የሚቻለው −55ን ከ−55 ጋር አሰልፎ ነው። ተመላሹም ከወጪው መቀነስ አለበት፤ ከመጋዘን የወጣ ሁሉ የተሸጠ አይደለም። ወተት ያልደረሰበትን ቀን ደግሞ ዜሮ ብሎ አማካይ ውስጥ መክተት ስህተት ነው፤ ገዢ ጠፍቶ ሳይሆን ዕቃ ጠፍቶ ነውና።

ሁሉም ደንበኛ ጿሚ ስላልሆነ ፒቮቱን፣ ማለትም የኤክሴሉን ማጠቃለያ ሠንጠረዥ፣ በየማከፋፈያ መስመሩ ከፈለችው። ረመዳንም የራሱ ምልክት ያስፈልገዋል፤ አምና ከሁዳዴ ጋር በአንድ ቀን ገብቶ ነበር፣ ዘንድሮ ግን የካቲት 22 ነው የገባው። ሙስሊሞች በሚበዙበት ሰፈር የአፍጥር ወተት ቁጥሩን ወደ ላይ ይጎትተዋል፤ በድምሩ ውስጥ ከተዋጠ ማንም አያየውም።

የፍስክ ቀን አማካይ ሲወጣ ሁለቱ ሠራተኞች ካሉባቸው መስመሮች አንዱም አልወረደም። ደብዳቤው ተቀደደ፤ የሰው እንጀራ ላይ ሊደርስ የነበረውን ሳስብ ዛሬም ይከነክነኛል። የማኅበሩም ውል ባለበት ጸና። ተቀንሶ ቢሆን ኖሮ ከፋሲካ ማግስት ገበያው ሲከፈት ወተቱን ሌላ አከፋፋይ ይዞት ይገኝ ነበር።

አንድ መስመር ግን በእርግጥም ወርዶ ነበር፤ ማንም ያልጠረጠረው፣ አንድ ደብዳቤ ያልተጻፈበት። የርክክብ ወረቀቱ ላይ ያለው ሰዓት ሲታይ መኪናው ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል መድረሱ ቀርቶ 3 ሰዓት ሆኗል። በዚያ ሰዓት የቁርስ ወተት ፈላጊ ሱቁን አልፎ ሄዷል። የመኪናውን ጭነት ከሌሊቱ 11 ሰዓት እንዲጀምር አደረጉ።