ዳማን ጋቢ ያለበስኳት ሌሊት

ነሐሴ ላይ የደብረ ማርቆስ ብርድ አጥንት ድረስ ይዘልቃል። ለዚህ ነው ዳማ መንቀጥቀጥ ስትጀምር በረዳት ብዬ ጋቢ የደረብኩላት። ዛሬም ሳስበው ልቤ ይደነግጣል።

ዳማ 7 ኪሎ የምትሆን ትንሽ ውሻዬ ናት። ስድስት ቡችሎች ወልዳ 20 ቀን ሆኗታል። ያን ቀን ከሰዓት ጀምሮ ትቁነጠነጣለች፣ ታለከልካለች። ፊቷን በእግሯ ታሻለች። ቡችሎቿን እየጣለች ትነሳለች። ማታ ላይ እግሯ እንደ እንጨት ደረቀ። ጎረቤታችን እማማ ጤና አዳም ይዘው መጡ። «ዓይን ነው ልጄ» አሉኝ። እሳቸውም እንደኔ ጨንቋቸው ነው።

የእንስሳት ሐኪም ዘንድ ደወልኩ። መጀመሪያ የጠየቀኝ «ስንት ቡችላ ታጠባለች?» ብሎ ነው። ስነግረው «እህቴ፣ ጋቢውን አሁኑኑ አንሺላት» አለኝ። መጥቶ ሲለካት ሙቀቷ 41 አልፏል። የጤነኛ ውሻ 38 እና 39 መሃል ነው። ለካ ብርድ አይደለም። የደሟ ካልሲየም በወተት አልቆ ጡንቻዋ አልፈታ ብሎ ነው። እኔ በሚነድ ሰውነት ላይ ጋቢ ደርቤያለሁ።

ቦርሳው ውስጥ የላም ካልሲየም ነበረው። ለሷ ይከብዳል ብሎ አልነካውም። ተረኛ ፋርማሲ ሄጄ የሰው መድኃኒት፣ 10 በመቶ ካልሲየም ግሉኮኔት አምፑል ገዛሁ። 7 ሚሊ ሊትር በደም ሥሯ ለመስጠት 20 ደቂቃ ፈጀ። እጁ ሲሪንጁ ላይ፣ ጆሮው ልቧ ላይ ነው። ቶሎ ከገባ ልብ ያቆማል። የልቧ ምት ዝግ ሲልበት ሐኪሙ መስጠቱን ያቆማል፤ ይጠብቃል፤ ይቀጥላል። እግሯን የያዝኩት እኔ ነኝ። ሊያልቅ ሲል እግሯ እጄ ውስጥ ላላ። ያኔ አለቀስኩ።

እርጉዝ ሳለች ምን ትበላ እንደነበር ጠየቀኝ። የእንቁላል ቅርፊት እየፈጨሁ እሰጣት ነበር፤ አጥንቷ እንዲጠነክር። ጉዳቱ ከዚያ ሊጀምር እንደሚችል ነገረኝ። አንገት ላይ፣ ታይሮይድ ከሚባለው ዕጢ አጠገብ አራት ትናንሽ ዕጢዎች አሉ፤ ፓራታይሮይድ ይባላሉ። ካልሲየም ሲያንስ ከአጥንት የሚያስወጡት እነሱ ናቸው። ከውጭ ሲትረፈረፍ ይሰንፋሉ፤ ወተቱ ሲመጣ አይደርሱም። ታይሮይዱ በቀዶ ሕክምና የወጣለት ውሻም እነዚህ ዕጢዎች ከተጎዱበት በጥቂት ቀናት ውስጥ እንዲሁ ይንቀጠቀጣል። ቅርፊቱ የሚያስፈልገው ከወለደች በኋላ ነበር። እኔ ግን ያኔ ትቼ ቀይ ሥጋ ብቻ አበላት ነበር። ሥጋ ደግሞ ካልሲየም የለውም ማለት ይቻላል።

ቡችሎቹን ለ24 ሰዓት ለየኋቸው። እንቁላልና ሥጋ ቀቅዬ፣ አድቅቄ አበላኋቸው። ለሷ የታዘዘውን የካልሲየም ኪኒን ከምግቧ ጋር ሰጠኋት። ቴርሞሜትርም ገዛሁ።

በሦስተኛው ቀን ፊቷን ስታሽ አየኋት። ለካኋት፤ 38.9። እግሯም አልደረቀም። ቢሆንም ደወልኩ። ሐኪሙ ኪኒኑን ጨመረላት፤ ቡችሎቹንም ጨርሰን ከጡት ለየናቸው። ከዚያ ወዲህ ተንቀጥቅጣ አታውቅም።