የጣሪያው ማስጠንቀቂያ ያጓተተው ጉዞ

መንገዱ ከተራራው አናት ወደ ሐይቁ ዳርቻ በሚወርድባቸው ጠመዝማዛዎች ላይ ሳለን ከዳሽቦርዱ ቀጭን የጢጢታ ድምፅ ተሰማ፤ ቀይዋም መብራት አብራ ብልጭ አለች። መኪናችን ጣሪያዋ ከፊት በኩል ወደ ላይ የሚነሣና ከኋላ በማጠፊያ የተያዘ፣ ዕድሜ የጠገበች ካምፐር ቫን፣ ማለትም ውስጧ የሚታደርባት የጉዞ መኪና ናት። ያ ድምፅ ደግሞ የሚናገረው ነገር አንድ ብቻ ነው፤ ጣሪያው አልተዘጋም። ዳር ይዘን ቆመን ሁለቱን የጣሪያ መቆለፊያዎች ብንፈትሽ ጥብቅ ብለዋል፤ ጣሪያው ሲነሣ የሚዘረጋው የሸራ ግድግዳ በጠርዙ መካከል ተነክሶ እንደሆነ ዙሪያውን ብናይም ምንም የለም። ሞተሩን አስነሥተን ስንንቀሳቀስ ድምፁ ጠፋ፤ ጎድጓዳ ቦታ ስንረግጥ ግን ተመለሰ።

እንዲህ ያለውን ማስጠንቀቂያ አቅልሎ ማየት አይገባም። ጣሪያው የሚከፈተው ከፊት በመሆኑ መቆለፊያው ተላቅቆ ጠርዙ ጥቂት ከፍ ቢል፣ በጉዞ ፍጥነት የሚመጣው ነፋስ ከሥሩ ገብቶ ወደ ላይ ይገፋዋል፤ ጣሪያውን ለማንሣት የሚያግዙት የጋዝ ዘንጎችም የሚገፉት ወደዚያው ነው። ሸራው ሊቀደድ፣ ማጠፊያው ሊጣመም፣ ከዚያም ሲብስ ጣሪያው ራሱ ከኋላችን በሚመጣው መኪና ላይ ሊወድቅ ይችላል። ስለዚህ የቀረንን መንገድ ቀስ ብለን ነዳን፤ ባለቤቴም ድምፁ መቼ እንደሚመጣና መቼ እንደሚጠፋ በማስታወሻ ደብተሯ ትመዘግብ ጀመር።

ያ መዝገብ ከማንኛውም መሣሪያ ቀድሞ ረድቶናል። ድምፁ የሚበረታው ጠዋት፣ ብርዱ ሳይለቅ፣ በተለይም መንገዱ ሲያንገጫግጭ ነበር፤ ፀሐይ ጣሪያውን ካሞቀችው በኋላ ግን በዚያው ዓይነት መንገድ ላይ እንኳ ዝም ይላል። ሽቦ ተልጦ ብረት እየነካ ቢሆን ኖሮ ብርድና ሙቀት ይህን ያህል ልዩነት ያመጣሉ ብዬ አልገምትም።

በሐይቁ ዳር ባደርንበት የካምፕ ሜዳ ላይ የእኛን የመሰለ መኪና ያቆሙ አንድ አዛውንት አጠገባችን ነበሩ። ጉዳዩን ሲሰሙ፣ «ልጄ፣ ሽቦውን ቁረጠውና ተገላገል፤ እኔም እንዲያው አድርጌ ነው ሰላም ያገኘሁት» አሉኝ። ምክራቸው እንደሚሠራ አልተጠራጠርሁም፤ ችግሩም መሥራቱ ነው። ወደ መብራቱና ወደ ድምፅ ሰጪው የሚሄደው ፖዘቲቭ ቁልፉ ሲዞር በፊውዝ በኩል ይመጣል፤ ኔጌቲቩ ግን በጣሪያው ሥር በተገጠመ ስዊች አልፎ ከመኪናው የብረት አካል ጋር ይገናኛል። ጣሪያው ሲዘጋ የስዊቹን አዝራር ይጫነዋል፣ መስመሩም ይቋረጣል፤ ጣሪያው ሲነሣ አዝራሩ ይለቀቅና መስመሩ ተገናኝቶ መብራቱ ይበራል። እንግዲህ ሽቦው በፒንሳም ይቆረጥ በዝገት፣ ከዚያ ወዲያ ጣሪያው ተከፍቶ ቢነዳ እንኳ የሚሰማ ነገር የለም። ለእኔ ይህ የንድፍ ድክመት ነው፤ የመስመሩ መቋረጥ ራሱ መብራቱን የሚያበራ ሆኖ ቢሠራ ኖሮ፣ ሽቦ መቁረጥ ለማንም መፍትሔ መስሎ ባልታየ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ብርዱ ሳይለቅ፣ ጣሪያው እንደተዘጋ፣ ከውስጥ የስዊቹን ሽፋን የያዙትን ብሎኖች በካቻቢቴ ፈታሁ። ቁልፉን አዙሬ ጣሪያውን በመዳፌ ገፋ ሳደርገው ድምፁ መጣ፣ ስለቀው ጠፋ። እየገፋሁት ሳለ ባለቤቴ የስዊቹን ሶኬት ስትነቅለው መብራቱ ወዲያው ጠፋ፤ ይህም ከሶኬቱ እስከ ዳሽቦርዱ ያለው ሽቦ የትም ቦታ ብረት እንደማይነካ አረጋገጠልን፤ ቢነካ ኖሮ ሶኬቱ ተነቅሎም መብራቱ አይጠፋም ነበር። የሶኬቱን ሁለት ጫፎች በአጭር ሽቦ ሳገናኛቸው ደግሞ መብራቱ ደምቆ በራ፤ ስለዚህ ፊውዙም፣ አምፖሉም፣ የኔጌቲቩ መስመርም ደኅና ናቸው። የቀረው ስዊቹና የተቀመጠበት ሁኔታ ብቻ ነበር።

ጣሪያውን አንሥቼ ቴስተሩን (የኤሌክትሪክ መለኪያውን) በኦም፣ ማለትም ኤሌክትሪክ የሚገጥመውን ተቃውሞ በሚለካው ክፍል ላይ በማድረግ የስዊቹን እግሮች ለካሁ። አዝራሩን በጣቴ ሙሉ በሙሉ ስጫነው መስመሩ በትክክል ይቋረጣል። ስለቀው ግን ወደ ዜሮ መጠጋት የነበረበት ቁጥር አንዴ ጥቂት ኦም፣ አንዴ ብዙ አሥሮች እያለ አልረጋም። ይህ ካስቸገረን ጩኸት ይልቅ አሳሰበኝ፤ ስዊቹ ያለ ምክንያት መጮኹ ብቻ ሳይሆን፣ መጮኽ በሚገባው ጊዜ ዝም ወደሚልበት ደረጃ እየተጠጋ ነበርና። የመብራቱ አምፖል 1.2 ዋት ስለሆነ በ12 ቮልት የሚስበው 0.1 አምፔር ገደማ ነው፤ ይህን ያህል ትንሽ ኤሌክትሪክ በመገናኛዎቹ ላይ የሚፈጠረውን ስስ የዝገት ሽፋን የማጽዳት አቅም የለውም። አምፖሉን በኤልኢዲ መተካት የሚያምራቸው ሰዎች ይህን ቢያስቡበት መልካም ነው፤ ኤልኢዲ የሚስበው ከዚህም ያነሰ ነው።

ጠዋት ጠዋት የሚመጣው ጩኸት ምክንያቱ ሌላ ሆኖ ተገኘ። እንዲህ ያለው ስዊች ማይክሮ ስዊች ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ1932 ማክጎል የተባለ ሰው በአሜሪካዋ የፍሪፖርት ከተማ የፈለሰፈው ነው። በውስጡ ያለችው ትንሽ ሞላ አዝራሩ ቀስ ተብሎም ቢጫን መገናኛውን በቅጽበት ትገለብጠዋለች፤ የምትገለበጥበት ነጥብና የምትመለስበት ነጥብ የሚራራቁት ግን በሚሊ ሜትር ክፍልፋይ ብቻ ነው። አዝራሩ በዚያ ጠባብ ድንበር ላይ ከተቀመጠ የመንገድ ንቅናቄ ወዲያና ወዲህ ያመላልሰዋል። ጣሪያውን በቀጭን ወረቀት ላይ ዘጋሁትና በአዝራሩና በሚጫነው የጎማ ንጣፍ መካከል የገባውን ወረቀት ሳብሁት፤ ያለ ምንም መያዝ ወጣ። እኩለ ቀን ላይ ስደግመው ወረቀቱ ያዝ አደረገ። የጣሪያው ዙሪያ ጎሚኒ በብርድ ሲደድር ጣሪያውን ጥቂት ከፍ አድርጎ ያስቀምጠዋል፤ የሚጫነው ንጣፍ ደግሞ በዕድሜ ብዛት ሟሽሿል። ሁለቱ ተደምረው አዝራሩን ድንበሩ ላይ አስቀርተውታል።

ንጣፉ ላይ 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ውፍረት ያላት ጠንካራ ጎማ ለጠፍሁ። ከዚያ በላይ ማወፈር አደገኛ ነው፤ አዝራሩ ከተገለበጠ በኋላ የሚቀረው መንገድ አጭር ስለሆነ የጣሪያው ክብደት ሁሉ ስዊቹ ላይ ያርፍና ይሰብረዋል። በዚህ ብቻ ጩኸቱ ቆመ፤ ያረጀው መገናኛ ግን እንዳለ ስለነበር በመንገዳችን ባገኘነው ከተማ አዲስ ስዊች ፈለግን።

የነቀልሁትን አሮጌ ስዊች ይዤ መሄዴ ብዙ ንግግር አስቀረልኝ። በብዛት የሚገኘው መጠን 27.8 በ15.9 በ10.3 ሚሊ ሜትር ሲሆን የብሎን ቀዳዳዎቹ በ22.2 ሚሊ ሜትር ይራራቃሉ፤ የእኛም ይኸው ነበር። ጣሪያ ሥር ጤዛ ስለማይጠፋ አይፒ67 የሚል ምልክት ያለበትን፣ አቧራም ውኃም የማያስገባውን መረጥሁ። እግሮቹ ሦስት ናቸው፤ አንዱ የጋራ፣ አንዱ አዝራሩ ሳይጫን የሚገናኝ፣ አንዱ ሲጫን የሚገናኝ። ለእኛ መስመር የሚያስፈልጉት የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሲሆኑ፣ በስዊቹ ላይ የተጻፈውን ከማመን በፊት በቴስተር አረጋገጥሁ። ሽቦውን በብየዳ ፈንታ ተጨፍልቆ በሚያዝ መገናኛ አያያዝሁትና በሙቀት የሚኮማተር ሽፋን አለበስሁት፤ የተበየደ ሽቦ ብየዳው በሚያልቅበት ቦታ ስለሚደርቅ በንቅናቄ ብዛት እዚያው ይሰበራል። በናስትሮ ብቻ የተጠቀለለም ሙቀትና እርጥበት ሲፈራረቁበት ይለቃል። ሽቦው ወደ ስዊቹ ከመድረሱ በፊት ጥቂት ወደ ታች እንዲቆለመም አደረግሁ፤ ጤዛው ወደ ስዊቹ ከመዝለቅ ይልቅ ከዚያ ይንጠባጠባል።

ፍተሻውን ያደረግነው በሁለቱም በኩል ነው። ጣሪያው ተዘግቶ ስንገፋው ዝም አለ፤ የቀኙን መቆለፊያ ፈትተን ጠርዙን የጣት ውፍረት ያህል ስናነሣው ጮኸ፤ የግራውን ብቻ ፈትተን ስናነሣው ግን ምንም አልተሰማም። ስዊቹ አንድ ብቻ ስለሆነና የተቀመጠው በቀኝ ጥግ ስለሆነ የግራው ጠርዝ ብቻውን ሲነሣ የሚያውቀው ነገር የለም። ይህ ብልሽት ሳይሆን መኪናዋ ስትሠራ ጀምሮ የነበረ ጉድለት ነው። ወደ ሱቁ ተመልሼ ሌላ ተመሳሳይ ስዊች ገዛሁ፤ በግራ ጥግ ይገጠምና ሽቦው ከቀኙ ጋር ጎን ለጎን ይያያዛል፣ ያኔ ከሁለቱ አንዱ እንኳ ሲለቀቅ መብራቱ ይበራል። እሱ እስኪገጠም ድረስ ባለቤቴ ከመነሣታችን በፊት የግራውን መቆለፊያ በእጇ ጎትታ ታያለች።