የዓሣው ክርክር

ዐቢይ ጾም ከገባ ሦስተኛ ሳምንቱ ነበር። የምሠራው አንዲት ጠባብ ማተሚያ ቤት ውስጥ ነው። እኔ ዲዛይኑን እሠራለሁ፤ ጓደኛዬ ማሽኑን ይይዛል። እሱ ጴንጤ ነው፣ እኔ ኦርቶዶክስ። በአዘቦቱ ሻይ ለሁለት የምንጠጣ ሰዎች ነን። ጾም ሲገባ ግን አንዳች ነገር ይነካናል።

የዚያን ቀን ነገሩን ያመጣችው ዓሣ ናት።

"55 ቀን ሥጋ ትታችሁ ዓሣ የምትበሉት ምን የሚሉት ጾም ነው?" አለኝ።

"ማን ነው የሚበላው?" ብዬ ቱግ አልኩ። ፍትሐ ነገሥት አንቀጽ 15ን ጠቀስኩ። እሱ ሉቃስ 24ን አመጣ፤ ጌታ ራሱ የተጠበሰ ዓሣ በልቷል አለ።

"ከትንሣኤ በኋላ እኮ ነው! ያኔማ ፍስክ ነው!" (በዚህች መልሴ እስካሁን ደስ ይለኛል፣ አልዋሽም።)

"ሲጀመር ጾም የምግብ ጉዳይ አይደለም። ኢሳይያስ 58ን አንብብ።"

በሩ አጠገብ ዱካ ላይ ጥቁር ሻሽ ያሰሩ እናት ተቀምጠዋል። ሲገቡ አይቻቸው "አንድ ጊዜ፣ እማማ" ብያቸዋለሁ። ያቺ አንድ ጊዜ ሃያ ደቂቃ ሆነች። ከዚያ መብራት ጠፋ። ማሽኑ ዝም አለ፤ እኛም።

"ጨረሳችሁ ልጆቼ?" አሉ። ሽሙጥ አልነበረም፤ የምር ነው የጠየቁን። የነጠላቸውን ጫፍ ፈትተው ጉርድ ፎቶ አወጡ። የእህታቸው ልጅ ነው። ከትምህርት ቤት መታወቂያ የተላጠ ፎቶ፤ የሰማያዊ ማኅተም ግማሽ ትከሻው ላይ አርፏል። ሌላ የለውም አሉ።

"ነገ ሠልስቱ ነው። ትልቅ አድርጋችሁ ብትሠሩልኝ።"

መብራት ሳለ ጀምሬው ቢሆን ግማሹን ጨርሼ ነበር። አድራሻቸውን ጽፈን "ቤት ድረስ እናመጣዋለን" አልናቸው።

አመሻሽተን መብራት ስንጠብቅ ስልኬ ላይ ኢሳይያስ 58ን ከፈትኩ። ለጸሎት እንዳይመስላችሁ። ለነገ መልስ ፍለጋ ነው። ቁጥር 4 ላይ ስደርስ ለጥልና ለክርክር የሚጾሙ ሰዎች ይወቀሳሉ። ስልኩን ለጓደኛዬ አቀበልኩት። አንብቦ መለሰልኝ።

"ይቺን ዘልያት ነበር" አለ።

መብራቱ ከምሽቱ አራት ሰዓት መጣ። ማኅተሙን ከትከሻው ላይ ነቅሼ ሳወጣ እኩለ ሌሊት ሆነ። እሱም አልሄደም፤ ፍሬሙን ሲያበጅ አደረ።

በማግስቱ ስድስት ሰዓት ላይ ድንኳኑ ውስጥ ገባን። እማማ ፎቶውን ተቀብለው ጣታቸውን በልጁ ትከሻ ላይ አስኬዱ። ማኅተሙን እየፈለጉ መሰለኝ። ምንም አላሉም። አስቀመጡን፤ ሽሮ ቀረበ።

እኔ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እንደምጾም ጓደኛዬ ያውቃል። እጁን ለመታጠብ ተነስቶ ነበር፤ መልሶ ተቀመጠ።

"እሱ እስኪፈታ አብሬው ልቆይ" አላቸው።