ኮሌታው ጠበበኝ፣ ሱሪው ሰፋኝ

የደብረ ብርሃንን የታኅሣሥ ሌሊት የሚያውቅ ሰው ይፍረደኝ። ውጭ ውርጭ ነው። በባልዲ ያደረ ውኃ ላዩ መስታወት ይመስላል። እኔ ግን ብርድ ልብስ ላይ የመንዝ ባና ደርቤ ተኝቼ፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ሲሆን ላብ አጥምቆኝ እነሳለሁ። ካናቴራዬ ይጨመቃል። ባለቤቴ አንሶላውን እየቀየረች «ምን እያለምክ ነው አንተ ሰውዬ?» ትለኛለች።

ልብስ ሰፊ ነኝ። ያኔ 41 ዓመቴ ነበር። በሽታዬን መጀመሪያ ያየው ሐኪም ሳይሆን ሜትሬ ነው። በአምስት ወር ውስጥ የራሴን ሱሪ ሦስት ጊዜ ከወገቡ አጠበብኩት። ሸሚዜ ደግሞ ኮሌታው አልቆለፍ አለኝ። ሰው እየከሳ አንገቱ አይወፍርም። ይህን ለማወቅ ልብስ ሰፊ መሆን ይበቃል። እኔ ግን ምን አደረግኩ? የኮሌታውን ቁልፍ ወደ ዳር አውጥቼ ሰፋሁና ሥራዬን ቀጠልኩ።

በግራ በኩል፣ ከአንገቴ ሥር ካለው አጥንት በላይ እጢ ነበር። ሲነኩት እንደ ጎማ ለጠጥ ይላል። አያምም። ያዘናጋኝም አለማመሙ ነው፤ እኛ ያላመመንን ነገር በሽታ አንለውም። አንድ ጊዜ ብቻ ነበር የሚያመኝ፣ እሱንም ለሐኪም ለመናገር አፍሬያለሁ። አረቄ ስጠጣ። አንድ መለኪያ ከቀመስኩ በደቂቃዎች ውስጥ እጢው ይወጋኝ ነበር። ባለቤቴ «እግዜር እንድትተወው ሲመክርህ ነው» ብላ ሳቀች። ኋላ ላይ ሐኪሙ ሲነግረኝ፣ ሆጅኪን የሚባለው የሊምፎማ (ከሊምፍ እጢ የሚነሳ ካንሰር) ዓይነት በያዛቸው ጥቂት ሰዎች ላይ መጠጥ እጢውን ያሳምማል። አይዘወተርም፣ ሲመጣ ግን ትልቅ ጥቆማ ነው። እኔ ያን ጥቆማ ደብቄ ክሊኒክ ለክሊኒክ ዞርኩ።

መጋቢት 2015 ላይ በቀጭን መርፌ ከእጢው ናሙና ቀዱልኝ። ውጤቱ ቁርጥ ያለ ነገር አልነበረውም። «የእጢ ቲቢ ሳይሆን አይቀርም» ተባለና መድኃኒት ጀመርኩ። አልፈርድባቸውም። በአገራችን እጢ፣ የሌሊት ላብና ክሳት አንድ ላይ ሲመጡ መጀመሪያ የሚታሰበው ቲቢ ነው። ብዙ ጊዜም ልክ ይሆናል። ቋንቋችንስ ቢሆን? ቲቢን «የሳንባ ነቀርሳ» እንላለን፣ ካንሰርንም «ነቀርሳ» እንላለን። አያቶቻችን በአንድ ስም የጠሯቸውን ሁለት በሽታዎች ሐኪምም በእጁ ዳስሶ አይለያቸውም።

የተሳሳትኩት እዚህ ላይ ነው። መድኃኒቱን ከጀመርኩ በኋላ እጢው ትንሽ ሟሸሽ አለ፣ እኔም ደስ አለኝ። ሁለት ወር ሳይሞላ ግን ተመልሶ አበጠ። በብብቴም ሌላ ወጣ። ሰውነቴን ያሳክከኝ ጀመር፣ ምንም ሽፍታ ሳይኖር። «ስድስት ወሩን ልጨርስ» እያልኩ አራት ወር ሙሉ ዋጥኩ። የቲቢ እጢም ሕክምና ተጀምሮ ሊያብጥ እንደሚችል ዛሬ አውቃለሁ፤ ስለዚህ ማበጡ ብቻ ምንም አያረጋግጥም። ግን ቲቢ መሆኑ በምርመራ ሳይረጋገጥ መድኃኒት እየወሰዳችሁ ላቡና ክሳቱ ከቀጠለ፣ ስድስት ወሩን አትጠብቁ። «እጢው ወጥቶ ይመርመርልኝ» በሉ።

የእኔ እጢ በነሐሴ አዲስ አበባ ላይ ወጣ። በመርፌ የተቀዳው ለምን እንዳልበቃ ሐኪሙ ሲያስረዳኝ ወዲያው ገባኝ። ጨርቅ ስለማውቅ ነው። ከጨርቅ ላይ አንድ ክር ብትመዝ ክሩ ጥጥ ይሁን ሱፍ ታውቃለህ፤ ሽመናውን ግን አታውቅም። ለሽመናው ቁራጭ ጨርቅ ያስፈልጋል። ሊምፎማም እንዲሁ ነው። መርፌው ጥቂት ሴሎች ያመጣል፤ በእጢው ውስጥ እንዴት እንደተደረደሩ የሚታየው እጢው እንዳለ ሲወጣ ነው። በእኔ እጢ ውስጥ ሪድ ስተርንበርግ የሚባሉት፣ ሁለት ዓይን ያላቸው የሚመስሉ ትልልቅ ሴሎች ተገኙ። የሆጅኪን መለያ እነሱ ናቸው። ሆጅኪን በ1832 እ.ኤ.አ. በሽታውን የጻፈው እንግሊዛዊ ሐኪም ስም ነው።

ከዚያ ሲቲ ስካን፣ የደም ምርመራ፣ የኤችአይቪና የጉበት ቫይረስ ምርመራ፣ ከዳሌ አጥንት የመቅኒ ናሙና። መቅኒው ሲወሰድ ያማል፣ አልዋሽም፤ ግን ያጠፋው ጊዜ ግማሽ ኪስ ለመስፋት አይበቃም። ወረቀቱ ላይ «ደረጃ 4 ቢ» ተጻፈ። ደረጃ 3 ደረትንና ሆድን ከሚለየው ሥጋ በላይም በታችም ያሉ እጢዎች ሲያዙ ነው። 4 ደግሞ ከእጢ አልፎ መቅኒ፣ ጉበት ወይም ሳንባ ሲገባ። «ቢ» የተባለው ትኩሳት፣ አልጋ የሚያርስ ላብ ወይም በስድስት ወር ከክብደት ከ10 በመቶ በላይ መቀነስ ላለው ሰው ነው። እኔ ከ66 ኪሎ 57 ገብቼ ነበር።

አራት የሚለውን ስሰማ የቀረው ሁሉ አልተሰማኝም። ጎረቤታችን በጉበት ካንሰር ሲሞት «አራተኛ ደረጃ ደርሶ ነው» ሲባል ሰምቻለሁ። ሐኪሙ ወጣት ልጅ ነው፤ ፊቴን አየና ወንበሩን አስጠጋ።

«ጋሼ፣ ይሄ አራት የጉበት አራት አይደለም። ይሄ ድሮም በሰውነት የሚዞር ሴል ነው። እኛም የምንሰጥዎት በደም ሥር የሚዞር መድኃኒት ነው። የሄደበት ሁሉ ይሄድበታል።»

ከዚያ ቁጥር ነገረኝ። በሰውነት ተሰራጭቶ የተገኘ ሆጅኪን ሕክምናውን በወቅቱና በሙሉ ካገኘ ከ10 ሰው 7 ወይም 8 ያህሉ ይድናል። ዕድሜ ማራዘም ሳይሆን መዳን ነው ያለኝ። ሁለቴ አስደገምኩት። ውጤት ስትቀበሉ ስንተኛ ደረጃ ብቻ አትጠይቁ። የትኛው ሊምፎማ እንደሆነ ስሙን ጠይቁ፣ አስጽፉትም። ኬሞ (የካንሰር መድኃኒት) በሚሰጥበት ክፍል ውስጥ ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። ከጎኔ የነበረ የምንጃር ገበሬ ሆጅኪን ያልሆነው፣ ትልልቅ ቢ ሴል የሚባለው ፈጣኑ ዓይነት ነው የነበረበት። የሱ መድኃኒት በየ21 ቀኑ ነው፤ ሪቱክሲማብ የሚባል ይጨመርበታል። በዚያ ከ10 ሰው 6 ያህሉ ይድናል። አንዲት እናት ደግሞ ፎሊኩላር የሚባለው ዝግተኛው ነበረባቸው። እሱ ተሰራጭቶ ሲገኝ ብዙውን ጊዜ ጨርሶ አይጠፋም፤ ግን ብዙ ዓመት አብረውት ይኖራሉ። ምንም ካላስቸገረ ያለ መድኃኒት በክትትል ብቻ የሚቆይም አለ። ሦስታችንም «ሊምፎማ» ነን፣ ሦስታችንም ተሰራጭቷል ተብለናል፣ መንገዳችን ግን ለየብቻ ነው።

ኬሞው ጥቅምት 2016 ተጀመረ። አራት መድኃኒት ነው፣ በመነሻ ፊደላቸው ኤቢቪዲ ይሉታል። በየ15 ቀኑ፣ በድምሩ 12 ጊዜ። ከዚያ በፊት የልብ ኤኮ (አልትራሳውንድ) ተነሳሁ፣ ከአራቱ አንዱ፣ ቀዩ መድኃኒት፣ ልብ ሊጎዳ ስለሚችል። ቀዩ ሲገባ ሽንት ይቀላል። እኔ አልደነገጥኩም፤ የቲቢው መድኃኒትም ሽንቴን አቅልቶት ስለነበር ለምጄዋለሁ። አንደኛው ደግሞ ብርሃን አይወድም፣ ሸፍነው ነው የሚሰቅሉት። ደም ሥሬን እንደ በርበሬ የሚያቃጥለኝ እሱ ነበር። ሲስተሯ ፍጥነቱን ስትቀንስልኝ ይሻለኛል። ዝም ብዬ ጥርሴን የነከስኩት የመጀመሪያዎቹን ሦስት ጊዜ ነው፤ ጀግንነት መስሎኝ።

ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ነው። መጀመሪያ በዕለቱ ሄጄ በዕለቱ ለመመለስ ሞከርኩ። ሸኖ ስንደርስ ሚኒባሱን ሦስት ጊዜ አስቁሜ አስታወክኩ። ከዚያ በኋላ ከላምበረት ወርጄ አክስቴ ቤት ማደር ጀመርኩ። መንገድ የተዘጋበት ጊዜም ነበር። ሰባተኛው ዙር አሥር ቀን ዘገየብኝ፣ እንቅልፍም አጣሁ፤ ኬሞ በቀኑ ካልተሰጠ ጉልበቱ ይቀንሳል። ከዚያ ወዲህ ቀጠሮዬ ሳይደርስ ሦስት ቀን ቀድሜ እሄዳለሁ። አክስቴ ዱለት እንደማልበላ እስክትለምደው ተቸግራለች።

ዱለት ካነሳሁ አይቀር። ነጭ የደም ሴል ሲወርድ ጥሬ ሥጋ፣ ያልፈላ ወተት፣ ያልፈላ ውኃ ክልክል ነው። እናቴ ደግሞ ጻድቃኔ ማርያም ሄጄ እንድጠመቅ ፈለገች። ኬሞውን እንዳቋርጥ የሚል ሐሳብ ከዘመድ መጥቶ ነበር። የነፍስ አባቴ ናቸው የገላገሉኝ። «ልጄ፣ መድኃኒቱንም ጸበሉንም የሰጠ አንድ ነው» አሉ። ለሐኪሙ ነገርኩት፤ መጠመቁን አልከለከለኝም፣ ደም ሥር ላይ የተተከለ ነገር እንዳይርስና እንዳልጠጣው ብቻ አስጠነቀቀኝ። አባም ቤት መጥተው ፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃ ላይ ጸለዩልኝ። እናቴ እሱን በጆግ አስቀምጣ ቤቱን ሁሉ ረጨችው። ዐቢይ ጾም ሲገባም እንቁላል እንድበላ የፈቀዱልኝ እሳቸው ናቸው። ሥራ ሥር ግን አልወሰድኩም። ጎረቤት ያመጣልኝን ዱቄት ምንነቱን ሳላውቅ ከኬሞ ጋር መቀላቀል ፈራሁ።

ትልቁ ጥፋቴ ከአራተኛው ዙር በኋላ የሠራሁት ነው። ማታ 3 ሰዓት ላይ ብርድ ብርድ አለኝ። ቴርሞሜትሩ 38.4 አለ። «ይንጋ» አልኩ። ሲነጋ መቆም አልቻልኩም። ስድስት ቀን ተኝቼ በደም ሥር አንቲባዮቲክ ወሰድኩ። ኬሞ ላይ ያለ ሰው ትኩሳት የጉንፋን ትኩሳት አይደለም፤ በሰዓታት ውስጥ ሊገድል ይችላል። 38 ካለ በሌሊትም ቢሆን ቅርብ ወዳለው ሆስፒታል ነው የሚኬደው፣ አዲስ አበባ ድረስ አይደለም። ከዚያ ወዲህ ሐኪሙ «ይህ ሰው ኬሞ ላይ ነው» ብሎ የጻፈልኝን ወረቀት በኪሴ ይዤ ዞርኩ። ኪሱን ራሴ ነኝ ከውስጥ የሰፋሁት።

ገንዘብ። የጤና መድን ነበረኝ፣ ከነሪፈሩ ስሄድ ብዙ ነገር ሸፈነልኝ። ግን መድኃኒቱ ከሆስፒታሉ ሲጠፋ ከውጭ በኪስ ነው። እቁቤን ያለ ዕጣ ቀድመው ሰጡኝ። ሁለተኛዋን ማሽን ሸጥኩ። ሲንጀሯን ግን አልሸጥኩም።

ዘጠነኛው ዙር ላይ ደረቅ ሳል ጀመረኝ። የደብረ ብርሃን ብርድ ነው ብዬ ልደብቀው ነበር፤ ከተማችን ከባሕር ወለል 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ዳገት ስወጣ ማለክለኬም አዲስ ነገር አልመሰለኝም። ባለቤቴ ናት የተናገረችብኝ። ከአራቱ አንዱ፣ ብሊዮማይሲን፣ ሳንባ ይጎዳል። ወዲያው ከቀረው ዙር ላይ አወጡት፣ ሳሉም ቆመ። ባትናገር ኖሮ ከካንሰሩ ድኜ በሳንባ እቸገር ነበር።

12ኛው ሚያዝያ 2016 ላይ አለቀ፣ ለፋሲካ ጥቂት ቀን ሲቀረው። በግ ታረደ፣ እኔ የበላሁት በደንብ የበሰለውን ነው። ሰኔ ላይ ሲቲ ስነሳ ደረቴ ውስጥ ትንሽ ነገር ቀርቷል ተባለ። ልቤ ቆመ። ሐኪሙ እንደ ቁስል ጠባሳ ነው አለ፤ እጢው ከሞተ በኋላ ጠባሳው ሊቀር ይችላል፣ ወሳኙ አለማደጉ ነው። እስካሁን አላደገም። ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው። የሚያገረሽ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ዓመታት ነው። ቢያገረሽም ሌላ ጠንከር ያለ ኬሞ፣ ከዚያም የራስን መቅኒ ሴል መልሶ መስጠት የሚባል ሕክምና አለ። ቀጠሮ በቀረበ ቁጥር አንገቴን እዳብሳለሁ። ባለቤቴ እጄን ትመታኛለች።

ኪሎዬ ተመልሷል። የኮሌታውን ቁልፍ ወደ ቦታው መልሻለሁ። ያልተመለሰው የጣቶቼ ጫፍ ነው። ቪንብላስቲን ከሚባለው መድኃኒት በኋላ ሁለቱ ጣቶቼ ደንዝዘው ቀሩ፣ ቀጭን ክር አይሰማቸውም። መርፌዎቼን ልጄ ናት የምታዘጋጅልኝ። ጠዋት ትምህርት ቤት ከመሄዷ በፊት ስድስት መርፌ ላይ በስድስት ቀለም ክር ታስገባና የመርፌ መሰኪያዋ ትራስ ላይ ሰክታ ትተውልኛለች። ጥቁሩ ቶሎ ያልቃል። ያኔ ጎረቤት ሱቅ ያለውን ልጅ እጠራለሁ።