ፖምፓው ከመፈታቱ በፊት

ናፍጣ መኪና ጠዋት አልነሳ ሲል፣ ዳገት ላይ ሲደክም ወይም ሚኒሞ ላይ (ነዳጅ ሳይረገጥ ሲሠራ) ከፍ ዝቅ ሲል ጋራዥ ውስጥ ቀድሞ የሚሰማው ፍርድ «ፖምፓው ሞቷል» ነው። ፖምፓ ማለት ናፍጣውን በከፍተኛ ግፊት ወደ ኖዝሎቹ፣ ማለትም ሲሊንደር ውስጥ ወደሚረጩት አፎች፣ የሚገፋው ነው። ፍርዱ ብዙ ጊዜ ይቸኩላል። ፖምፓ አንዴ ከተፈታ ደግሞ ማስጠገኑ፣ በማሽን ማስለካቱና ታይሚንጉን (ናፍጣው የሚረጭበትን ቅጽበት) መልሶ መግጠሙ ወጪው ብዙ ነው።

እዚህ የማወራው 2ኤል፣ 3ኤል እና 5ኤል ሞተር ስላላቸው የድሮ ሃይሉክስና ሃይኤስ ነው። ፖምፓቸው የቦሽ ቪኢ ዓይነት ነው። አንድ ፕላንጀር (ናፍጣውን የሚገፋው ዘንግ) አራቱንም ሲሊንደር ያጠጣል፤ ናፍጣውንም ከታንክ ድረስ የሚስበው ራሱ ፖምፓው ነው። ነገሩ ሁሉ እዚህ ላይ ነው፦ ከታንክ እስከ ፖምፓ ያለው መስመር የሚሠራው በመሳብ ስለሆነ፣ ቢሰነጠቅ ናፍጣ አያንጠባጥብም፤ አየር ይስባል። «ሁሉንም አይቻለሁ፣ የሚያፈስ የለም» የሚል መካኒክ ገና ምንም አላየም።

ስለዚህ መጀመሪያ የጀሪካን ሙከራ ይሠራ። 5 ሊትር ንጹሕ ናፍጣ የያዘ ጀሪካን ከፖምፓው ከፍ አድርጋችሁ፣ ከጭስ ማውጫው አርቃችሁ እሰሩ። ውስጡ የሚታይ የፕላስቲክ ቱቦ ከጀሪካኑ ወደ ፖምፓው መግቢያ፣ ሌላውን ከመመለሻው ወደዚያው ጀሪካን ግጠሙ። መኪናው እንደቆመ 15 ደቂቃ ያህል ይሥራ። ሞተሩ ከተስተካከለ ፖምፓው ነጻ ወጣ ማለት ይቻላል፤ ጥፋቱ ከኋላ፣ ከታንክ በሚመጣው መስመር ነው። ከኋላ ያሉት ተጠርጣሪዎች ብዙ አይደሉም፦ ፊልትሮው ላይ ያለው የእጅ ፓምፕ (ውስጡ ያለው ጎማ ሲደርቅ ይሰነጠቃል)፣ የፊልትሮው ኦሪንግ (ክብ የማሸጊያ ጎማ)፣ ፋሼታ (የጎማ ማጥበቂያ ቀለበት) የታሰረባቸው አጫጭር ጎማዎችና ታንክ ውስጥ ያለው ወንፊት። የታንኩን ክዳን ላላ አድርጎ መሞከርም አይርሳ፤ መተንፈሻው ከተደፈነ መኪናው ጥቂት ሄዶ ይታነቃል።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ጀሪካኑ ከላይ ስለሆነ በራሱ በፖምፓው ጎሚኒዎች (ማሸጊያ ጎማዎች) በኩል የሚገባውን አየርም ይደብቃል። ፖምፓውን አድርቃችሁ ጥረጉና የነዳጅ ማንሻው የተሰካበትን ዘንግ ሥር እዩ። እርጥበት ካለ የዘንጉ ኦሪንግ አልቋል፤ ማታ አየር እያስገባ ናፍጣውን ወደ ታንክ የሚመልሰው እሱ ነው። የፊት ፓራሊዮ (የፖምፓው የፊት ዘንግ ማሸጊያ) ካፈሰሰ ግን ነገሩ ከባድ ነው። ናፍጣው የታይሚንግ ቺንጋውን (ፖምፓውንና ቫልቮቹን የሚያዞረውን ቀበቶ) ያበሰብሳል፣ ቺንጋው ሲበጠስ ቫልቭ ከፒስተን ይጋጫል።

ሞተሩ እየዞረ ጨርሶ ካልተነሳ ቁልፉን ሲከፍቱ ፖምፓው ጀርባ ላይ ካለው የነዳጅ ማቋረጫ ሶሌኖይድ «ጠቅ» የሚል ድምፅ መሰማት አለበት። ካልተሰማ ከባትሪው ፖዘቲቭ 12 ቮልት በሽቦ በቀጥታ ስጡት። ያኔ ከተነሳ ችግሩ ፊውዝ ወይም ሽቦ ነው። መንገድ ላይ የሶሌኖይዱን ፒን አውጥተው የሚለቁ አሉ፤ ቤት ያደርሳል፣ ግን ሞተሩ በቁልፍ አይጠፋም፣ ማርሽ አስገብቶ ማነቅ የግድ ይሆናል።

ሌላው፣ ከማንም ዓይን የሚሰወር፣ የመመለሻው ብሎን ነው። ራሱ ላይ በላቲን ፊደል «አውት» ተጽፎበታል፤ ውስጡ የመርፌ ጫፍ የምታህል ቀዳዳ አለችው። የፖምፓው የውስጥ ግፊት የሚጠበቀው በእሷ ነው፤ ታይሚንጉን የሚያስቀድመውም ይኸው ግፊት ነው። ፊልትሮ የቀየረ ሰው ይህን ከመግቢያው ብሎን ጋር ካቀያየረው ሞተሩ ጉልበት ያጣል፣ ነጭ ጭስ ያመጣል፣ ፖምፓው በከንቱ ይፈታል።

ሲቀዘቅዝ የሚነሳ፣ ሲሞቅ ግን የማይነሳ ከሆነ ያ እውነተኛ የፖምፓ በሽታ ነው። ፕላንጀሩና ሄዱ (ፕላንጀሩ የሚሠራበት የፖምፓው ራስ) ተበልተው፣ የሞቀው ቀጭን ናፍጣ በመካከላቸው ያመልጣል። ማረጋገጫው፦ ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ እርጥብ ጨርቅ ፖምፓው ላይ ጣል አድርጋችሁ ትንሽ ቆዩ። ከዚያ ቢነሳ ጥርጣሬው አበቃ። እየሠራ ባለ ፖምፓ ላይ ግን ቀዝቃዛ ውሃ አታፍስሱ፣ ሊነክስ (ውስጡ ሊጣበቅ) ይችላል።

አንዱ ሲሊንደር ከሞተ በ17 ቁልፍ የኖዝሉን ቧንቧ ዳዶ ግማሽ ዙር አላሉ። ድምፁ ካልተለወጠ የሞተው እሱ ነው። ኖዝሉን ከጎረቤቱ ጋር አቀያይሩ፤ ችግሩ ከኖዝሉ ጋር ከሄደ ኖዝል ነው፣ ባለበት ከቀረ ኮምፕሬሽን ወይም የፖምፓው መውጫ ቫልቭ። ጣታችሁን እዚያ አታስጠጉ፤ የናፍጣ ጨረር ቆዳ ይበሳል፣ ከገባም ሐኪም ቤት ነው። በኮመን ሬል (ግፊቱ እጅግ ከፍተኛ በሆነ አዲስ ዓይነት) ሞተር ላይ ይህ ፈጽሞ አይሞከርም።

ጥቁር ጭስ ብቻውን ፖምፓ አያስፈታም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ነው፤ አየሩ ከባሕር ጠረፍ በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። ለዝቅተኛ አገር የተለካ፣ ተርቦ (አየር መግፊያ) የሌለው ሞተር እንጦጦን ሲወጣ ቢያጨስ አያስደንቅም፤ አዋሽ ሲወርድ ይጠራል። መጀመሪያ የአየር ፊልትሮውንና ኖዝሎቹን እዩ።

ነጭ ጋዝ የተቀላቀለበት ናፍጣ ግን ፖምፓ ገዳይ ነው፤ ይህ ፖምፓ ከናፍጣው ሌላ ማለስለሻ የለውም። ከመመለሻው ጎማ በንጹሕ ብርጭቆ ቀድታችሁ ፀሐይ ላይ እዩት። የብረት ብናኝ ካብለጨለጨ ሌላ ምርመራ አያስፈልግም፣ ፖምፓው ይወርዳል።

ሲወርድ የፖምፓው ፍላንጅ (ከሞተሩ ጋር የሚታሰርበት ጠርዝ) እና ሞተሩ ላይ አንድ ቀጥ ያለ መስመር ጫሩ። ኖዝሎቹም አብረው ይለኩ። ሲመለስ የቧንቧዎቹ ተራ 1-3-4-2 ነው፤ ታይሚንጉ የሚለካው በሄዱ መካከል ባለው ቀዳዳ በሚገባ ዳያል ጌጅ (ባለመርፌ መለኪያ) ነው፤ የቅዝቃዜ ማስነሻው ማንሻ ካልተለቀቀ ልኩ ውሸት ይሆናል። ፖምፓውን ከሚዞርበት አቅጣጫ በተቃራኒ ማዞር ታይሚንጉን ያስቀድማል፤ ከአንድ ሚሊሜትር በላይ በአንዴ አታንቀሳቅሱ። ሞተሪኖ ከመነካቱ በፊት በእጅ ፓምፑ እስኪጠነክር ሙሉት፤ ደርቆ የሚዞር አዲስ ፖምፓ በመጀመሪያው ቀን ይቧጨራል። ከዚያ የኖዝል ዳዶዎቹን አላልታችሁ ሞተሪኖውን ቢበዛ 15 ሰከንድ አዙሩ፣ አንድ ደቂቃ አሳርፉ፣ አረፋ የሌለው ናፍጣ ሲመጣ በየተራ አጥብቁ።