ከምጥ በፊት መድን፣ ከምጥ በኋላ መድን

ሁለተኛ ልጄን የወለድኩት በኦገስት 2010 አውስትራሊያ፣ ሜልበርን ውስጥ፣ በተከራየነው ቤት ሳሎን ነው። (ዘመኖቹን በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ፤ የማወራው ሕግም የተጻፈው በዚያው ነው።) ከመውለዴ ስድስት ሳምንት ያህል በፊት አዋላጄ አንድ ወረቀት አምጥታ የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችልኝ። ወረቀቱ የሚለው፣ አዋላጄ ለእርግዝና ክትትሉና ለአራስነቱ ጊዜ የሙያ መድን ያላት ቢሆንም ቤቴ ውስጥ ለሚሆነው ምጥና ወሊድ ግን ምንም መድን እንደሌላት ተነግሮኛል፣ ይህንንም ተረድቼ በፈቃዴ አገልግሎቷን መርጫለሁ ነበር። በሙያዬ አስተርጓሚ ነኝ፤ የሆስፒታል ስምምነት ሲፈረም ከታካሚ ጎን ተቀምጬ ስንት ጊዜ ቃል በቃል እንደተረጎምኩ ቁጥሩን አላውቀውም። ያን ቀን ግን የራሴን ወረቀት ሁለት ጊዜ አንብቤም እጄ ወደ እስክሪብቶው ቶሎ አልሄደም።

ለአራስነቴ ከጎንደር የመጣችው እናቴ ሽንኩርት እየላጠች ነበር። ምን እንደሚል ጠየቀችኝና ነገርኳት። ጥቂት ዝም ብላ፣ «አንድ ነገር ቢሆን ማን ይጠየቃል?» አለችኝ። አዋላጇ ራሷ፣ ምናልባትም በቤቷና ባላት ጥሪት ሁሉ ልትጠየቅ እንደምትችል ነገርኳት። «ታዲያ ለምን ትመጣለች?» አለችኝ።

ለዚያ ጥያቄ ያን ጊዜ መልስ አልነበረኝም። ይህን ጽሑፍ የምጽፈውም በአብዛኛው በእሱ ምክንያት ነው።

አዋላጄን በዚያ ወረቀት ውስጥ ያስገባት ሕግ የጤና ባለሙያዎች ብሔራዊ ሕግ ይባላል። በ2009 መጨረሻ ገደማ በኩዊንስላንድ ፓርላማ ጸደቀ፤ ሌሎቹ ክፍለ ግዛቶች ተከትለው ተቀበሉትና በጁላይ 1 ቀን 2010 ሥራ ላይ ዋለ፤ ምዕራብ አውስትራሊያ ብቻ እስከ ኦክቶበር ዘግይታለች። ከዚያ በፊት በየክፍለ ግዛቱ ከሰማንያ በላይ የሙያ ቦርዶች ስለነበሩ፣ አንድ ቦታ ሥራውን ያበላሸ ባለሙያ ድንበር ተሻግሮ ሌላ ቦታ መመዝገብ ይችል ነበር። አዲሱ ሕግ አሥር ሙያዎችን በአሥር ብሔራዊ ቦርዶችና በአንድ አገር አቀፍ መዝገብ ሥር ሰበሰበ። በዚህ ላይ ቅሬታ የለኝም፤ ማንም ታካሚ የሐኪሙን ወይም የአዋላጁን ስም ከመዝገቡ ፈልጎ ማየት መቻሉ ትልቅ ነገር ነው። ችግሩ ያለው አንቀጽ 129 ላይ ነው። አንቀጹ ማንኛውም የተመዘገበ ባለሙያ ተገቢ የሙያ ኃላፊነት መድን ሳይኖረው እንዳይሠራ ይከለክላል። ሲነበብ ማንም የሚቃወመው አይመስልም። ነገር ግን በቤት ለሚያዋልዱ የግል አዋላጆች ያንን መድን የሚሸጥ ኩባንያ አገሩ ውስጥ አልነበረም።

መድኑ የጠፋው ከ2001 ጀምሮ ነው። በዚያ ዓመት የአውስትራሊያ የሕክምና መድን ገበያ ተናግቶ ነበር፤ ከአገሪቱ ትልልቅ የመድን ድርጅቶች አንዱ የነበረው ኤችአይኤች የወደቀውም በዚያው ዓመት ነው፤ የግል አዋላጆችን የሚሸፍነውም መድን ያን ጊዜ ተቋረጠ። ሒሳቡን ለመረዳት የመድን ሠራተኛ መሆን አያስፈልግም። በቤት የሚያዋልዱት ሴቶች እጅግ ጥቂት ናቸው፤ በአውስትራሊያ አስቦበትና አቅዶ በቤት የሚወልደው ከመቶ ወላድ አንዷ እንኳን አትሞላም። በወሊድ ጊዜ አእምሮው ለተጎዳ አንድ ሕፃን የዕድሜ ልክ እንክብካቤ የሚፈረደው ካሳ ግን ሚሊዮኖች ዶላር ይደርሳል። ከጥቂት አዋላጆች የሚሰበሰበው አረቦን ያንን አንድ ካሳ አይሸከምም፤ ስለዚህ ኩባንያዎቹ ውሉን ዘግተው ሄዱ። ይህ የሆነው አዋላጆቹ ከሌላው የባሰ ስላጠፉ አይደለም፤ ቁጥራቸው ስላነሰ ነው። ከዚያ በኋላ ዘጠኝ ዓመት ያህል ያለ መድን ሠሩ፤ ሕጉም አይከለክላቸውም ነበር።

የብሔራዊ ሕጉ ረቂቅ በ2009 ሲወጣ ታዲያ አዋላጆቹን ሁለት መንገድ ብቻ ታያቸው። መድን ስለሌለሽ አትመዘገቢም፤ ሳትመዘገቢ «አዋላጅ ነኝ» ብለሽ ከሠራሽ ደግሞ እስከ 30,000 ዶላር የሚደርስ ቅጣት አለ። ሕጉ በየትኛውም መስመሩ «በቤት መውለድ ክልክል ነው» አይልም። ገበያ ላይ የሌለ ዕቃ ግዙ ብሎ ማዘዝ ግን ከመከልከል በምን ይለያል? ሴፕቴምበር 7 ቀን 2009 በሺዎች የሚቆጠሩ ሴቶች ልጆቻቸውን ታቅፈው በዝናብ ካንቤራ ፓርላማው ፊት ቆሙ። የጤና ሚኒስትሮቹ ሰልፉ ከመካሄዱ ከሦስት ቀን በፊት ጊዜያዊ መፍትሔ አስታውቀው ነበር፤ በቤት የሚያዋልዱ የግል አዋላጆች ለምጡና ለወሊዱ ብቻ ከመድን ግዴታው እስከ ጁን 2012 ነፃ ይሆናሉ ተባለ። ሕጉ ውስጥ አንቀጽ 284 ሆኖ የገባው ይህ ነው። ቅድመ ሁኔታም ነበረው፤ ከነዚያ አንዱ እናቲቱ መድን አለመኖሩን ተነግሯት በጽሑፍ መስማማቷ ነው። እኔ የፈረምኩት ወረቀት የዚያ ቅድመ ሁኔታ ወረቀት ነበር።

እንግዲህ ነገሩን ልብ በሉ። ይህችው አዋላጅ ሆዴን ስትለካና የደም ግፊቴን ስታይ መንግሥት በሚደጉመው አዲስ መድን ተሸፍናለች። ልጄ ከተወለደች በኋላ ጡት አጠባብን ስታይና እትብቷን ስትመረምር እንደገና ተሸፍናለች። ያልተሸፈነችው በመካከል ባሉት ሰዓታት፣ ሰው መድን የሚገዛበት ነገር ሁሉ ሊደርስ በሚችልበት ጊዜ ብቻ ነው። መድኑ ምጥ ሲጀምር ከደጃፍ ወጥቶ ይቆማል፤ እልልታ ሲሰማ ተመልሶ ይገባል።

ወደ እናቴ ልመለስ። በሐሳቤ አልተደሰተችም ነበር። «እኔ ሰባቱን በቤት የወለድሁት ሐኪም ቤት ስላልነበረ ነው፤ አንቺ ሐኪም ቤቱ ከደጅሽ ቆሞ ምን ሆነሽ ነው?» ትለኝ ነበር። ልክ ነበረች፤ ከሰባቱ ሁለቱ አልተረፉም። በአማርኛ «በቤት መውለድ» ስንል ከጀርባው የሚመጣው የመንገድ እጦት፣ በቃሬዛ የምትወሰድ ወላድና መቆም ያቃተው ደም ነው። የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንደሚያሳየው በ2000 በጤና ተቋም የሚወለደው ከመቶ 5 ብቻ ነበር፤ በ2016 ወደ 26፣ በ2019 ወደ 48 ደረሰ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ቤት ለቤት እየዞሩ ያመጡት ለውጥ ነው፤ የልምድ አዋላጆችም ማዋለዱን ትተው ወላዷን ወደ ጤና ጣቢያ እንዲያደርሱ የተደረገው በቂ ምክንያት ስለነበረ ነው። አንድም ቀን ተቃውሜው አላውቅም። በሥራዬ ላይ ግን የቃሉ ክብደት ያስቸግረኛል። ሜልበርን ውስጥ የሆስፒታል አዋላጅ ለአንዲት እናት በቤት የመውለድ አማራጭ እንዳለ ስትነግራትና እኔ ስተረጉመው፣ እናቲቱ አልጋ ተነፈገኝ ብላ ፊቷ ሲለወጥ አይቻለሁ። ከዚያ ወዲህ «አዋላጅ ቤትሽ መጥታ ታዋልድሻለች» እላለሁ፤ ቃል በቃል አይደለም፣ ትርጉሙ ግን ይሄ ነው።

እናቴ የተለሳለሰችው ቦርሳውን ያየች ቀን ነው። አዋላጄ ዕቃዎቹን አንድ በአንድ እያወጣች አሳየቻት፤ የኦክስጅን ሲሊንደር፣ ለሕፃኑ ትንፋሽ መስጫ፣ የልጁን የልብ ምት ማዳመጫ፣ ደም እንዳይፈስ የሚወጋው የኦክሲቶሲን መርፌ፣ የደም ሥር ማግኛው፣ መስፊያው። ወደ ሆስፒታሉ በመኪና ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅና በምን በምን ምክንያት ሳታመነታ እንደምታስተላልፈኝ ነገረቻት፤ እኔም መሐል ተቀምጬ ተረጎምኩ። እናቴ መርፌውን በእጇ ይዛ ለረጅም ጊዜ አየችው። «የእኔዋ ምላጭና ክር ነበር የነበራት» አለች፤ ከዚያ ተነስታ ሻይ አፈላች። ስለዚያ ጉዳይ ዳግመኛ አላነሳችም።

ልጅቷ ሌሊት ተወለደች። ሁለት አዋላጆች ነበሩ፤ እናቴ ከጀርባዬ ሆና «ማርያም ማርያም» ትል ነበር፤ ሁለቱ ነጮች ትርጉሙን ባያውቁትም ከእሷ ጋር ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነበር። ስለ ምጡ ከዚህ በላይ አልጽፍም። እንግዴ ልጁን ከጓሮ ሎሚ ዛፍ ሥር ቀበርነው፤ ቤቱ ከተሸጠ ቆይቷል፣ የልጄ እትብት የተቀበረበትም አሁን የማላውቃቸው ሰዎች ግቢ ነው። ለአዋላጆቹ የከፈልነው ከኪሳችን ነበር። ሜዲኬር የሚባለው የመንግሥት የጤና መድን ለግል አዋላጆች ክትትል መክፈል የጀመረው በኖቬምበር 1 ቀን 2010፣ ማለትም ከወለድኩ ከሦስት ወር በኋላ ነው፤ እሱም ቢሆን አዋላጇ ከሐኪም ጋር የትብብር ስምምነት እንዲኖራት የሚጠይቅና በቤት የሚሆነውን ወሊድ ራሱን የማይጨምር ነበር። ስምምነቱን ለመፈረም የማይፈልግ ሐኪም ምክንያት እንዲሰጥ አይገደድም ነበር፤ ስለዚህ የአንዱ ሙያ መብት በሌላው ሙያ በጎ ፈቃድ ላይ ተንጠለጠለ። ይህ ግዴታ የተነሣው በኖቬምበር 2024 ነው። አሥራ አራት ዓመት ፈጀ።

በተቃራኒው ወገን ያለውን ክርክር አቃልዬ ማለፍ አልፈልግም። በኖቬምበር 2011 የታተመው የእንግሊዝ ትልቅ ጥናት ከስልሳ አራት ሺህ በላይ ዝቅተኛ ሥጋት ያላቸውን እናቶች ተከታትሎ ነበር። ከዚህ በፊት ለወለዱት፣ በቤት በመውለድና በሆስፒታል በመውለድ መካከል በሕፃኑ ላይ በሚደርሰው ከባድ ጉዳት ጉልህ ልዩነት አላገኘም፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚወልዱት ግን በሆስፒታል ከአንድ ሺህ 5.3 የነበረው በቤት 9.3 ሆኖ ተገኘ፤ ከነዚህ የበኩር ወላዶችም ከመቶ 45ቱ በምጥ ላይ ወይም ወዲያው ከወለዱ በኋላ ወደ ሆስፒታል ተዛውረዋል። ጥናቱ ሲወጣ ልጄ ዓመት ከሦስት ወሯ ነበር። የመጀመሪያ ልጄን በሆስፒታል መውለዴ ትክክል እንደነበር አሁን በቁጥር አውቃለሁ። መድንን በተመለከተም የሚኒስትሮቹ ሐሳብ ከንቱ አልነበረም፤ ልጁ ዕድሜ ልኩን ተንከባካቢ የሚያስፈልገው ቤተሰብ የአዋላጇን ትንሽ ቤት አሽጦ ምን ያገኛል? መድን የእናቲቱና የልጁ መጠበቂያ እንጂ የባለሙያዋ ጌጥ አይደለም። እኔን የሚቆጨኝ ግዴታው መጣሉ አይደለም፤ ግዴታውን የጣለው መንግሥት ለሐኪሞች የመድን ገበያ ሲናጋ ገንዘቡን ይዞ እንደደረሰ ሁሉ ለእነዚህ ጥቂት ሴቶች አለመድረሱ ነው። የሐኪሞቹ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ተፈታ። የአዋላጆቹ ነፃ መሆኛ ጊዜ ግን መጀመሪያ ወደ 2013፣ ቀጥሎ ወደ 2015፣ ከዚያም ደግሞ ደጋግሞ ተራዘመ፤ የሥራ ፈቃድሽ የሚቆመው በሚቀጥለው ስብሰባ ነው እየተባለ ማን ልጁን አዋላጅነት ያስተምራል?

ሌላም ውጤት ነበረው። የግል አዋላጅ ያጡ፣ ወይም ሆስፒታል ባሳለፉት ወሊድ የተጎዱና ተመልሰው የማይገቡ አንዳንድ ሴቶች ያለ ማንም ባለሙያ፣ ወይም ካልተመዘገበ ሰው ጋር መውለድን መረጡ። በደቡብ አውስትራሊያ ስሟን ከመዝገቡ ያስወጣች የቀድሞ አዋላጅ በተገኘችባቸው ወሊዶች የሞቱ ሕፃናትን ጉዳይ የአሟሟት መርማሪ ዳኛ በ2012 መርምሮ አቀረበ፤ ሴትየዋ በኋላ በወንጀል ችሎት ነፃ ብትወጣም፣ ክፍለ ግዛቱ ማዋለድን ለተመዘገቡ ባለሙያዎች ብቻ የሚፈቅድ ሕግ አወጣ። ሕጉን እደግፈዋለሁ። ይሁን እንጂ በአንድ በኩል የተመዘገበችው አዋላጅ እንዳትሠራ መንገዱን እያጠበቡ፣ በሌላ በኩል ያልተመዘገበችውን መቅጣት የተሟላ ሥራ አይመስለኝም። በመንግሥት ሆስፒታሎች ሥር ያሉት በቤት የማዋለድ ፕሮግራሞች ይሻላሉ፤ አዋላጇ ተቀጣሪ ስለሆነች መድኑ የአሠሪዋ ነው። በምዕራብ ሜልበርን፣ ብዙ የኛ ሰው በሚኖርበት አካባቢ ያለው ሰንሻይን ሆስፒታል በዚያው ሰሞን ከጀመሩት አንዱ ነበር፤ እኔ የምኖረው በሰሜኑ ስለነበረ አልደረሰኝም።

በሜይ 2024 የፌዴራሉ መንግሥት፣ ዝቅተኛ ሥጋት ላላቸው እናቶች በቤት የሚደረገውን ወሊድ የሚሸፍን መድን ከጁላይ 1 ቀን 2025 ጀምሮ እንደሚደጉም ሲያስታውቅ መጀመሪያ ያደረግኩት ለአዋላጄ መደወል ነበር። በቤት ማዋለድ ካቆመች ዓመታት ሆኗታል፤ ሆስፒታል ተቀጥራ ትሠራለች። ዜናውን ሰምታለች። ሳቀችና የኦክስጅን ሲሊንደሩን ለአከራዩ ድርጅት እንደመለሰች፣ ቦርሳውን ደግሞ ለአንዲት ወጣት አዋላጅ እንደሰጠች ነገረችኝ። የእናቴን ጥያቄ ያን ጊዜ ሳልተረጉምላት ቀርቼ ነበርና፣ አሁን አነሳሁባት፤ ያለ መድን፣ ቤቷን አስይዛ፣ ለምን ትመጣ እንደነበር ጠየቅኋት።

«ካልመጣሁ ብቻሽን ትወልጂ ነበር?» አለችኝ። አይ፣ ሆስፒታል እሄድ ነበር አልኳት። «አንቺ ትሄጂ ነበር» አለች። «የማይሄዱትን አውቃቸው ነበር።»