የትምህርት ቤታችንን መጻሕፍት እንዴት ካታሎግ እንዳደረግኋቸው

የአማርኛ መምህር ነኝ፤ የምሠራው ሰሜን ሸዋ ውስጥ ባለ አንድ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው። ከክፍለ ጊዜዬ ጎን ለጎን ቤተ መጻሕፍቱን እንድይዝ ሲሰጠኝ መጻሕፍቱ የተደረደሩት በቁመታቸው ነበር። ትልልቆቹ ከታች፣ ቀጫጭኖቹ ከላይ። ተማሪ መጥቶ "ቲቸር፣ ስለ አፈር መሸርሸር የሚያወራ መጽሐፍ አለ?" ቢል መልሱን የሚያውቅ ሰው አልነበረም። መጽሐፉ ግን አለ። ካታሎግ፣ ማለትም ምን መጽሐፍ እንዳለና የት እንደተቀመጠ የሚያሳይ ዝርዝር፣ የሚሠራው ለእንዲህ ዓይነቱ ጥያቄ ነው። በላይብረሪ ሳይንስ አልተመረቅኩም፣ የተማርኩት እየሠራሁ ነው። እንደኔው ድንገት "ቤተ መጻሕፍቱን ያዙ" የተባላችሁ መምህራን ብዙ እንደሆናችሁ ስለማውቅ ያገኘሁትን ልንገራችሁ።

ቁጥር ከመስጠታችሁ በፊት ለዩ። በእርዳታ ከሚመጡት የእንግሊዝኛ መጻሕፍት መካከል በጣም ግሩም የሆኑ አሉ፤ የሌላ አገር የግብር ሕግ መማሪያና ዛሬ ማንም የማይከፍተው የኮምፒዩተር ፕሮግራም መመሪያም አለ። ማንም የማያነበውን መጽሐፍ መመዝገብ ጉልበት ይጨርሳል፣ ልጁ የሚፈልገውንም ይሸፍንበታል። የመንግሥት ንብረት ግን በገዛ እጅ አይጣልም። ለብቻው ከምሩት፣ ዝርዝሩን ለርእሰ መምህሩ አቅርቡና በንብረት አወጋገድ ደንቡ ይሂድ። ለተማሪ የሚታደሉትን የመማሪያ መጻሕፍትም ለይቻለሁ። እነሱ በብዛት ስለሚመጡ በንብረት ክፍል በሞዴል 19 (በገቢ ደረሰኝ) ገብተው በሞዴል 22 (በወጪ ደረሰኝ) ይወጣሉ። እኔ ከየትምህርቱና ከየክፍሉ ጥቂት ቅጂ ብቻ ወስጄ እዚያው ቁጭ ብሎ ለሚያነብ አስቀርቻለሁ።

ቀጥሎ መዝገቡ ነው፣ ብዙዎች አክሴሽን ሬጅስተር የሚሉት። ደረቅ ሽፋን ያለው ትልቅ መዝገብ ይበቃል። ተራ ቁጥር፣ የገባበት ቀን፣ ደራሲ፣ ርእስ፣ እትም፣ አሳታሚ፣ ዓመት፣ የገጽ ብዛት፣ በግዢ ወይስ በስጦታ፣ ዋጋ፣ ምርመራ። እያንዳንዱ ቅጂ የራሱ ቁጥር አለው፤ አንድ ርእስ አምስት ቅጂ ካለው አምስት ቁጥር ይወስዳል። መጽሐፉ ቢጠፋ "ምርመራ" ላይ ይጻፋል እንጂ ቁጥሩ ለሌላ አይሰጥም። ቁጥሩንና ማኅተሙን ከርእስ ገጹ ሌላ፣ እናንተ ብቻ በመረጣችሁት አንድ የውስጥ ገጽ ላይም አድርጉ። የፊት ገጹ ተገንጥሎ የሚመለስ መጽሐፍ ብዙ ነው።

መረጃውን ከሽፋኑ ሳይሆን ከርእስ ገጹና ከጀርባው ውሰዱ። ሽፋን ላይ ርእሱ ያጥራል፣ ንዑስ ርእሱ ይቀራል፣ አንዳንዴም ከውስጡ ጋር አይገጥምም። የአማርኛ መጻሕፍት ደግሞ የራሳቸው ጠባይ አላቸው። ደራሲው በራሱ ገንዘብ ስለሚያሳትም ብዙ ጊዜ የሚጻፈው ማተሚያ ቤቱ ብቻ ነው። ብርሃንና ሰላም ያተመውን ሁሉ ብርሃንና ሰላም አሳተመው ብሎ መመዝገብ ልክ አይሆንም። እኔ አሳታሚው ካልተጠቀሰና የደራሲው እንደሆነ ከታወቀ "አሳታሚ፦ ደራሲው" እላለሁ፣ ማተሚያ ቤቱን ለብቻ እጽፋለሁ። ዓመቱ ላይም ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. መሆኑን ሁሌም ጻፉ። በሁለቱ መካከል የ7 ወይም የ8 ዓመት ልዩነት ስላለ ባዶ "2005" ብሎ መተው የሚቀጥለውን ሰው ያሳስተዋል።

ብዙ ጊዜ የወሰደብኝ ነገር ስም ነው፣ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ከውጭ የመጡ መመሪያዎች የቤተሰብ ስም ይቅደም፣ ከዚያ ኮማ፣ ከዚያ የራስ ስም ይላሉ። እኛ ጋ የቤተሰብ ስም የለም፣ ሁለተኛው የአባት ስም ነው። አበበ በቀለ የሚባል ደራሲ "በቀለ፣ አበበ" ተብሎ ሲገባ ተማሪው አበበን ፈልጎ ያጣዋል፣ በበቀለ ሥር ደግሞ አባቱ ተቀምጠዋል። በዓለም አቀፉ የካታሎግ አሠራርም የኢትዮጵያ ስም የሚገባው በራስ ስም ነው፣ ሳይገለበጥ። ወልደ ማርያም፣ ገብረ ሥላሴ፣ ኃይለ ማርያም ዓይነቶቹ አይከፈሉም፤ ሁለቱ ቃላት አንድ ስም ናቸው። ዶክተር፣ አለቃ፣ ፊታውራሪ፣ ብላቴን ጌታ የመሳሰሉት ማዕረጎች ከስሙ በኋላ ይጻፋሉ፣ አለዚያ ግማሹ ቤተ መጻሕፍት "ዶ" ሥር ይከማቻል። በእንግሊዝኛ የሚጽፉ ኢትዮጵያውያንንም በዚሁ ደንብ አስገብቻቸዋለሁ፣ የአንድ ሰው ሥራ ሁለት ቦታ እንዳይበተን።

ከዚያ ፊደሉ። አንዱ አሳታሚ ኃይሌ፣ ሌላው ሃይሌ፣ ሌላው ሀይሌ ብሎ ያትማል። በካርድም ሆነ በኤክሴል በሀ ሁ ተራ ስትደረድሩ ሀ መጀመሪያ ላይ ነው፣ ሐ ከለ ቀጥሎ፣ ኀ ደግሞ ርቆ ከቸ በኋላ። ሠና ሰ፣ ጸና ፀ፣ አና ዐም እንደዚያው። ርእስንና ስምን መጽሐፉ ላይ እንዳለ መጻፍ ግዴታ ነው፣ የደራሲን አጻጻፍ ማረም የካታሎግ ሠሪ ሥራ አይደለም። ስለዚህ "መደርደሪያ ስም" የሚል አንድ ተጨማሪ ዓምድ ከፈትኩ። እዚያ ውስጥ ሁሉም ሃ ሀ ነው፣ ሁሉም ሠ ሰ ነው፣ ዐ አ፣ ፀ ጸ። የሚደረደረው በዚህ ዓምድ ነው፣ የሚታየው ግን የታተመው ነው። በጣም የረዳኝ ነገር ይሄ ነው።

መደቡን የወሰድኩት ከዲዊ ነው፤ አሜሪካዊው ሜልቪል ዲዊ በ1876 እ.ኤ.አ. ያወጣው፣ ዕውቀትን ከ000 እስከ 900 ባሉ አሥር ክፍሎች የሚከፍለው አሠራር። ለትምህርት ቤት ሦስት አሃዝ አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል። 510 ሒሳብ፣ 530 ፊዚክስ፣ 540 ኬሚስትሪ፣ 570 ባዮሎጂ፣ 630 ግብርና፣ 398 ተረትና ምሳሌ። የኢትዮጵያ ታሪክ 963 ነው። የእኛ ቋንቋዎች ላይ ግን ጠባብ ነው፦ እንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ 820ን ሙሉውን ይዞ ሳለ የአማርኛው ከነጥብ በኋላ 892.87 ላይ ተሸጉጧል። የዘጠነኛ ክፍል ልጅ ልብ ወለድ ሲፈልግ ይህን ሁሉ ቁጥር እንዲያነብ አልፈለግኩም። የአማርኛ ልብ ወለዶችን የራሳቸው መደርደሪያ ሰጠኋቸው፤ ጀርባቸው ላይ (ሲደረደሩ በሚታየው ጠባብ ጎን) "ል"፣ ከሥሩ የደራሲው ስም የመጀመሪያ ሦስት ፊደላት። ሙሉው ቁጥር መዝገቡ ላይ አለ። ከተማሪዎቹ ብዙ የሚነሣው ይሄ መደርደሪያ ስለሆነ ለበሩ ቅርብ አድርጌዋለሁ።

ለእንግሊዝኛ መጻሕፍት ቁጥሩን ራሳችሁ ለማውጣት አትድከሙ። በርካታ መጻሕፍት ከርእስ ገጻቸው ጀርባ በትንንሽ ፊደል የታተመ የካታሎግ መረጃ አላቸው፣ የዲዊ ቁጥሩም እዚያው ይኖራል። ከሌለም ኢንተርኔት ስታገኙ በአይኤስቢኤን፣ ማለትም መጽሐፉ ላይ በታተመው ዓለም አቀፍ መለያ ቁጥር፣ ፈልጉ። የአሜሪካው የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ናይሮቢ ባለው ቢሮው በኩል የኢትዮጵያን መጻሕፍት ስለሚሰበስብ የአማርኛ ርእሶችም ካታሎጉ ላይ ይገኛሉ፣ ርእሱን በላቲን ፊደል መሞከር ግን ያስፈልጋል። የቆዩ የአማርኛ መጻሕፍት አይኤስቢኤን ስለማይኖራቸው እነሱን በርእስና በደራሲ ነው የምትፈልጉት።

ቁጥር መጽሐፉ የሚቀመጥበትን ቦታ ይናገራል፣ ቦታው ደግሞ አንድ ብቻ ነው። አንድ መጽሐፍ ግን ስለ ብዙ ነገር ሊያወራ ይችላል። ለዚህ ነው የርእሰ ጉዳይ ዓምድ የሚያስፈልገው። ቃላቱን ከተማሪዎቹ አፍ ወሰድኩ። ምን ብለው እንደሚጠይቁ ደብተር ላይ እየጻፍኩ ቆየሁ፣ ከዚያ ለአንድ ነገር አንድ ቃል መርጬ ሌላውን ወደሱ መራሁት፦ "ማትስ፣ ሒሳብን ይመልከቱ" እንደማለት። የካቲት 23 ሲቃረብ ክበባቱ ሁሉ ዓድዋን ፍለጋ ይመጣሉ። 963 መደርደሪያ ላይ ዓድዋ የሚል ርእስ የያዘው ጥቂት ነው፣ ግን በአጠቃላይ የታሪክ መጻሕፍት፣ በሕይወት ታሪኮችና በመጽሔቶች ውስጥ ጥሩ ጥሩ ምዕራፎች አሉ። "የዓድዋ ጦርነት፣ 1888 ዓ.ም." ብዬ እያንዳንዱን ከነገጹ ስላስገባሁት አሁን ዝርዝሩን አትሜ እሰጣቸዋለሁ።

ካርታዎች፣ ሉል፣ የሳይንስ ፖስተሮች፣ ያለፉ ዓመታት የፈተና ወረቀቶችም ካታሎግ ይገባቸዋል። የፈተና ወረቀት በተለይ ከመጽሐፍ በላይ ይፈለጋል። በትምህርት ዓይነትና በዓመት በፋይል አስሬ፣ ለፋይሉ አንድ ቁጥር ሰጥቻለሁ።

ኤክሴል ላይ ስትሠሩ በዩኒኮድ፣ ማለትም ኮምፒዩተሮች ሁሉ በሚጋሩት የፊደል አሠራር፣ ጻፉ። ዩኒኮድ ባልሆኑ የዱሮ ፊደሎች የተጻፈ ዝርዝር ሌላ ኮምፒዩተር ላይ ሲከፈት የማይነበብ ምልክት ይሆናል። ደራሲ፣ ርእስ፣ ዓመት እያንዳንዱ በየራሱ ዓምድ ይሁን፣ አንድ ሳጥን ውስጥ አትጨምቋቸው። ቅጂውን ፍላሽ ላይ አስቀምጡ፣ መብራት ሲጠፋ የሚገለጥ የታተመ ዝርዝርም ጠረጴዛ ላይ ይኑር። የጀርባ ምልክቱን ከመጽሐፉ ግርጌ በእኩል ከፍታ ለጥፉና በግልጽ ፕላስተር ሸፍኑት፣ አለዚያ አንድ ክረምት አይዘልቅም። ለዚህ የቤተ መጻሕፍት ክበብ ተማሪዎች ከማንም ይበልጣሉ። ቁጥር የለጠፈ ልጅ ቁጥሩን ያውቀዋል፣ ለጓደኞቹም እሱ ነው የሚያሳየው።

የወሰንኩትን ሁሉ፣ ስም እንዴት እንደሚገባ፣ የትኛው ቃል እንደተመረጠ፣ "ል" ምን እንደሆነ፣ በአንድ ደብተር ጽፌ ከመዝገቡ ጋር አስቀምጫለሁ። መምህር ይዛወራል፣ ቤተ መጻሕፍቱ ግን እዚያው ነው። ሰኔ ላይ መጻሕፍቱን ከዝርዝሩ ጋር እናመሳክራለን። ቀጥሎ የማስበው ኮሃ የሚባለውን ነፃ የቤተ መጻሕፍት ሶፍትዌር ነው፤ ኒውዚላንድ ውስጥ ተሠርቶ ከ2000 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ማንም ያለ ክፍያ ሊጠቀምበት የሚችል። ዓምዶቹ ስለተለያዩ መረጃው እንደገና ሳይጻፍ ይሻገራል። ለዚያ የሚሆን ኮምፒዩተር እስክናገኝ ኤክሴሉ ይበቃናል።